ጠዋት ተዘጋጅቶ ቀትር የሚበላ ሰላጣ፦ ለጅማ ምሳ ዕቃ የሚሆን የቤት ሶስ

ጅማ ውስጥ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የተከደነ ምሳ ዕቃ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰላጣን የሚያበላሹት በመሃል ያሉት አምስት ሰዓታት ናቸው። ጠዋት ኩርሽም ይል የነበረው ኪያር ይልፈሰፈሳል፣ ቲማቲሙ ውሃውን ይለቃል፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ከሥር ካቆረው ውሃ ጋር ይጣበቃል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሰላጣ ተይዞ የሚሄድ ምሳ አይደለም ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ከሱቅ ማዮኔዝ ገዝቶ ላዩን ያለብሰዋል። ጥፋቱ ግን የአትክልቱ አይደለም። ሶሱ የተሠራው ተለውሶ ወዲያው ለሚበላ ሰላጣ ስለሆነ ነው። ቦርሳ ውስጥ አምስት ሰዓት ለሚቆይ ምሳ የሚሆነው ሶስ አሠራሩም፣ መጠኑም፣ የሚጨመርበት ሰዓትም ይለያል።

ጉዳዩ አሁን የብዙ ቤት ጉዳይ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዘይት፣ ማዮኔዝና የታሸገ ሶስ ዋጋው ከዚህ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የምግብ ቤት ምሳም ከዘይቱ አይለይም። ምሳውን ከቤት የሚይዝ ሰው፣ በተለይ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ ሽሮና ምስር ሲሰለቸው ቀጥሎ የሚያስበው ሰላጣ ነው። በዚህ ረገድ ጅማ የታደለች ከተማ ናት። አቮካዶው፣ ሎሚው፣ ማሩ፣ ሰናፍጩ፣ ዝንጅብሉ ሒርማታ መርካቶን አንድ ጊዜ በመዞር የሚሸመቱ ናቸው። ጥሩ ሶስ ለመሥራት ከውጭ የሚመጣ አንድም ነገር የግድ አያስፈልግም፤ ዘይትም ሳይቀር።

ሰላጣው ለምን ይጠወልጋል?

አንደኛው ምክንያት ጨው ነው። የተቆረጠ አትክልት ላይ ያረፈ ጨው ከውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ውጭ ይስባል። ቲማቲምና ኪያር ከመቶ ዘጠናው እጅ በላይ ውሃ ስለሆኑ ጨው በነካቸው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሳህኑ ውሃ ያቁራል። ያ ውሃ ደግሞ ሶሱን ያቀጥነዋል፤ ጠዋት ተቀምሶ ልክ የነበረው ቀትር ላይ ጣዕም ያጣል። ሰው "ጨው አነሰው" ብሎ ይጨምርበታል፤ ውሃው ይብስበታል።

ሁለተኛው ዘይት ነው፤ ይህንን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የቅጠል ገጽ በስስ ሰም የተሸፈነ ነው። ሎሚና አቼቶ ውሃ ስለሆኑ ሰሙ ላይ ተንከባለው ይቀራሉ። ዘይት ግን ሰሙን አልፎ ይገባና ቅጠሉን ያርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ቆሞ የሚቀርበት አቅም የለውም። ስለዚህ ዘይቱን ጠዋት ለውሶ ሎሚውን ብቻ ቀትር ላይ መጭመቅ ቅጠሉን አያድነውም። ከሁለቱ አንዱ ጠዋት መግባት ካለበት ሎሚው ይግባ፣ ዘይቱ ይቆይ።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው፦ ሶሱ ለብቻው በትንሽ ዕቃ ይያዛል፣ የሚደባለቀው ሊበላ ሲል ነው። ሁለት ዕቃ መያዝ የማይመቸው ሰው አንዱን ረዘም ያለ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ወስዶ በደርብ ይሥራ። ሶሱ ከታች ይፈስሳል። በላዩ ሶስ የማይጎዳው፣ እንዲያውም የሚጠቅመው ይደረጋል፦ የተቀቀለ ሽምብራ፣ በቀጭኑ የተከተፈ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን። ከዚያ ድንች ወይም ምስር፣ ከዚያ ቲማቲም፣ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ከላይ። ዕቃው እስከ ቀትር ቆሞ መቀመጥ አለበት። ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ የሚጋደም ቦርሳ ካለ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ሶሱን ለብቻ መያዙ ይሻላል።

መጠኑም አስቀድሞ ይታወቅ። ከ250 እስከ 300 ግራም ለሚመዝን የአንድ ሰው ሰላጣ 3 የሾርባ ማንኪያ ማለትም 45 ሚሊ ሊትር ሶስ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፤ እንዲህ ያለ አንድ ምሳ ከግማሽ በላዩን ይሸፍናል።

ቲማቲሙን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ትንንሽ ከሆነ ሳይቆረጥ ይያዝ። ትልቅ ከሆነ ለሁለት ተከፍሎ ዘሩና ፈሳሹ በማንኪያ ይውጣ፣ ሥጋው ብቻ ይከተፍ። ጥቅል ጎመን ደግሞ በተቃራኒው ማታውኑ በጨው መታሸትን ይወዳል። ለግማሽ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሶ ሠላሳ ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ ጨምቆ ውሃውን መድፋት። የሚለቀውን ውሃ አስቀድሞ ስለለቀቀ በማግስቱ ሶሱን አያቀጥንም። የሐበሻ ጎመንም ግንዱ ወጥቶ እንደ ክር በቀጭኑ ተከትፎ እንዲህ ከታሸ ጥሬውን ይበላል፤ ለተያዘ ምሳ ከሰላጣ ቅጠል እጅግ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

መሠረቱ፦ ሎሚ፣ ሰናፍጭና ዘይት

ለአራት ምሳ የሚሆን መጠን እነሆ፦ የሎሚ ጭማቂ 4 የሾርባ ማንኪያ (እንደ ሎሚው ትልቅነት ከሦስት እስከ አምስት ሎሚ)፣ የተወቀጠ ሰናፍጭ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ደቃቅ ጨው ¾ የሻይ ማንኪያ፣ ማር 1 የሻይ ማንኪያ፣ ፈሳሽ ዘይት 8 የሾርባ ማንኪያ፣ ቁንዶ በርበሬ እንደ ምርጫ። የውጭ የምግብ መጽሐፎች ለአንድ እጅ ሎሚ ወይም አቼቶ ሦስት እጅ ዘይት ይላሉ። ለተያዘ ምሳ ሁለት እጅ ዘይት ይበቃል፤ ጥሬ ጎመን፣ ሽምብራና ድንች ጎምዘዝ ያለ ሶስ ይሸከማሉ፣ ዘይቱም ይቆጠባል።

የሰናፍጩ አሠራር ቅደም ተከተል አለው፤ ሶሱ የሚበላሸውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የሰናፍጭ ፍሬ ደረቁን አይሰነፍጥም። የሚሰነፍጠው ሲወቀጥና በውሃ ሲርስ፣ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ሥራውን ሲጀምር ነው። ስለዚህ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተለውሶ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆይ። ሙቅ ውሃ ኢንዛይሙን ስለሚገድለው ሰናፍጩ መራራ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሎሚ ገና ከመጀመሪያው ከተጨመረም አሲዱ ሥራውን ያስቆመዋል። ፍሬውን ማመስ እንደ ሙቅ ውሃው ነው። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ሎሚው ሲገባ ግን የወጣው ስንፈጣ እዚያው ይጸናል፤ ሳይጨመር ከቀረ በሰዓታት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል።

ከዚያ ሎሚ፣ ጨውና ማር ይገቡና ጨው ፈጽሞ እስኪሟሟ ይማሰላል። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ዘይቱ ቀድሞ ከገባ ጨዉ ከሥር እንደ አሸዋ ይቀመጥና አንዱ ጉርሻ ጨው፣ ሌላው አልጫ ይሆናል። ማሩ ረግቶ ከሆነ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማላላት ነው። ዘይቱ በመጨረሻ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ አንድ ማንኪያ እየተጨመረ፣ በየመሃሉ ዕቃው ተከድኖ በኃይል ይናጣል። የሰናፍጭ ገለባ የሚያሙለጨልጭ ነገር አለው፤ ያ ነገር የዘይቱን ጠብታዎች ከቦ እንዳይገናኙ ስለሚያግድ ሶሱ ወፍሮ ደመናማ መልክ ይይዛል፣ ቶሎም አይለያይም። ቀትር ላይ ተለያይቶ ቢገኝ የተበላሸ አይደለም፤ አሥር ጊዜ መነቅነቅ ይበቃዋል። ሰናፍጭ ከሌለ አንድ የሾርባ ማንኪያ በደንብ የተፈጨ የተቀቀለ ድንች ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ስንፈጣው ብቻ ነው የሚቀረው።

ለአራት የተከፈለው ይህ ሶስ ለአንድ ሰው ከአንድ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ጨው ያደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ስለሚል፣ የቀኑ ጨው አምስተኛው እጅ ገደማ ነው። ጎመኑ በጨው ታሽቶ ከሆነ የሶሱ ጨው በግማሽ ይቀነስ።

ነጭ ሽንኩርት የሚፈልግ ሰው አንድ ፍንካች ይበቃዋል። አጨማመሩ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ነጭ ሽንኩርቱ ተፈጭቶ አስቀድሞ ሎሚው ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቆይ እንጂ በቀጥታ ዘይት ውስጥ አይገባ። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚወጣ ስለሆነ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖረው ይችላል። ይህ ባክቴሪያ የሚመቸው አየር በሌለበትና አሲድ ባነሰበት ቦታ ነው፤ ዘይት ውስጥ የተነከረ ነጭ ሽንኩርት ሁለቱንም ያሟላለታል። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ዘፍዝፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። ነጭ ሽንኩርት ያለበት ሶስ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ አራት ቀን፣ የሌለበት እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል።

የዘይቱ ነገር

የፓልም ዘይት ለመጥበሻ ይሆናል፤ ለሰላጣ ግን አይመረጥም። ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ማታ ተሠርቶ ማቀዝቀዣ ያደረ ሶስ ጠዋት ሰም የሚመስል ንብርብር ሠርቶ ከተገኘ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሲሞቅ ቢቀልጥም የተዋሐደው ሶስ ይለያያል፣ አፍ ላይም ይለጠፋል። የሱፍ ዘይት ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ጣዕሙ ለስላሳ ስለሆነ የሎሚውንና የሰናፍጩን ጣዕም አይጋፋም። የኑግ ዘይት ደግሞ የራሱ ጠንካራ ጣዕም አለው። ከጎመን፣ ከምስር፣ ከቀይ ሥር ጋር ያስደስታል፤ ከቅጠልና ከቲማቲም ጋር ይከብዳል። ግማሽ ኑግ ግማሽ ሱፍ ማድረግ ጥሩ መካከለኛ ነው። ኑግ በቀላሉ የሚበላሽ ዘይት ስለሆነ በትንሽ ጠርሙስ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ምድጃ አጠገብ የከረመ፣ እንደ አሮጌ ቀለም የሚሸት ዘይት ሎሚም ማርም አይሸፍነውም።

ዘይት ሳይገዙ፦ አቮካዶ

በጅማና አካባቢዋ አቮካዶ በወቅቱ በርካሽ ይገኛል፤ አብዛኛው ግን ጭማቂ ቤት ይገባል። የበሰለ አቮካዶ ሥጋ መቶ ግራም ሲመዘን 15 ግራም ያህሉ ቅባት ነው። 150 ግራም ሥጋ ያለው መካከለኛ አቮካዶ ከአንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ በላይ ዘይት ይዟል ማለት ነው፤ ያውም ከነማወፈሪያው። ዘይት ሳይጨመርበት ወፍራም ሶስ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ለሦስት ወይም ለአራት ሰው፦ የአንድ አቮካዶ ሥጋ፣ የሎሚ ጭማቂ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ 6 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ½ የሻይ ማንኪያ፣ ፍሬው የወጣለት አንድ ቃሪያ፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል። መጀመሪያ ሎሚ፣ ጨው፣ ቃሪያና ቅጠሉ ይፈጩ፤ አቮካዶው መጨረሻ ላይ ገብቶ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይመታ። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ እንደሆነ አቮካዶው ማሽኑ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይዞራል፣ አየር ይሞላል፣ ቶሎ ይጠቁራል። ማሽን ከሌለ በሹካ ፈጭቶ በወንፊት ማሳለፍ ይቻላል፤ ክር የበዛበት የአገር አቮካዶ ከሆነ ወንፊቱ ለማንኛውም ያስፈልጋል። ትልልቁና ውሃ የበዛበት ዓይነት ሶሱን ስለሚያቀጥነው ውሃው ወደ 3 ማንኪያ ይቀነስ። ሃስ የሚባለው፣ ሲበስል ልጣጩ የሚጠቁረው ዝርያ፣ ቅባቱ በዛ ስለሚል ሙሉውን ውሃ ይሸከማል።

የሚጠቁርበት ምክንያት አየር ነው። አቮካዶ ሲቆረጥ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ቡናማ ቀለም ይፈጥራል። ሎሚ ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። የሚያዋጣው አየሩን ማሳጣት ነው፦ ዕቃው ትንሽ ይሁን፣ ሶሱ እስከ አፉ ይሞላ፣ ክዳኑ ከሶሱ ጋር እስኪነካካ ይዘጋ። ግማሽ ድረስ የተሞላ ዕቃ ቀትር ላይ ከላይ ጠቁሮ ይገኛል። ፍሬውን ሶሱ ውስጥ ማስቀመጥ ይጠቅማል የሚባለው ፍሬው ከተኛበት ቦታ በስተቀር የሚያደርገው ነገር የለም፤ አየር የሚከለክለው እዚያችው ላይ ብቻ ነው። የጠቆረው ክፍል መርዝ አይደለም፣ መልኩና ጣዕሙ ግን ይጎዳል፤ ከላይ በማንኪያ ተገፎ ይነሳ። አቮካዶ በራሱ አሲዱ ትንሽ ስለሆነ ይህ ሶስ የዕለት ነው፤ ጠዋት ተሠርቶ ቀትር ይበላ፣ የተረፈው አይደር።

ያልበሰለ አቮካዶ ሶሱን መራራና ሻካራ ያደርገዋል፤ ምንም ቅመም አያስተካክለውም። ለሰኞ የታሰበ አቮካዶ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ጠንካራው ተገዝቶ ከሙዝ ጋር በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ከሙዙ የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ አብሳይ ነው።

ኦቾሎኒና ተልባ

ከኦቾሎኒ የሚሠራው ሶስ ጥጋብ የሚሰጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሚበዛበት ሰው ይህን ይምረጥ። ጨውና ስኳር ያልበዛበት የለውዝ ቅቤ ወይም በቤት ተቆልቶ የተፈጨ ኦቾሎኒ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ሎሚ 2 ማንኪያ፣ የተፈጨ ዝንጅብል 1 የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ½ የሻይ ማንኪያ፣ ሚጥሚጣ በጣት ቆንጠር፣ ውሃ ከ4 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ። ለሁለት ሰው ይበቃል። ሎሚው እንደገባ ቅቤው ይደርቅና እንደ ጭቃ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል፣ ወይም ዘይት ይጨምርበታል። አልተበላሸም። ደቃቁ የኦቾሎኒ ቅንጣት መጀመሪያ ያገኘውን ጥቂት ውሃ መጥጦ ስለሚጣበቅ ነው፤ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየተጨመረ ሲማሰል ተመልሶ ይላላል፣ ነጣ ብሎም ይለሰልሳል። የተሸበሸበ፣ የሻገተ ወይም የጠቆረ ፍሬ ሳይቆላ በፊት ተለቅሞ ይጣል፤ ሻጋታው የሚተወውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ሌላም ነገር አለ። በመሥሪያ ቤት ምሳ በአንድ ገበታ ቀርቦ እየተጎራረሱ የሚበላ ስለሆነ፣ ኦቾሎኒ ያለበት ሶስ ከሆነ ከመቅረቡ በፊት ለባልደረቦች ይነገር። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ሶሱን አይቶ አይለየውም።

ተልባ በዚህ ሥራ ተዘንግቷል። የተቆላና የተፈጨ ተልባ 1 የሻይ ማንኪያ በ4 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ያሙለጨልጫል፤ ያ ለሎሚና ለሰናፍጭ ሶስ ከዘይቱ ግማሹን የሚተካ ማወፈሪያ ይሆናል። ከዚህ በላይ ከተጨመረ ግን ሶሱ ይጎተታል። የተፈጨ ተልባ ቶሎ ስለሚበላሽ የሚፈጨው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ነው።

እርጎ

ለፍስክ ቀን የእርጎ ሶስ ከኪያር፣ ከቀይ ሥርና ከድንች ጋር ይስማማል፦ እርጎ 8 የሾርባ ማንኪያ፣ ሎሚ 1 ማንኪያ፣ ጨው ¼ የሻይ ማንኪያ፣ የተከተፈ ናና። ወተቱ ከመርጋቱ በፊት የተፈላ መሆን አለበት። ጥሬ ወተት መርጋቱ ብቻውን ብሩሴላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ለማጥፋት አስተማማኝ አይደለም። ይህ ሶስ ያለ ቅዝቃዜ አምስት ሰዓት አይያዝ። ትንሽ ሃይላንድ ሦስት አራተኛው ውሃ ተሞልቶ ማታ ፍሪዘር ቢገባ ጠዋት ከምሳ ዕቃው ጋር በፎጣ ተጠቅልሎ የሚሄድ በረዶ ይሆናል። መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ ካደረ ደግሞ የዕለቱ ሶስ የሎሚው ይሁን።

ሲቆይ የሚሻለው፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች

አዚፋ ለተያዘ ምሳ አስቀድሞ የታሰበበት ይመስላል። ምስሩ በቆየ ቁጥር ሎሚውንና ሰናፍጩን ይጠጣል እንጂ አይጠወልግም። እዚህ ላይ ሕጉ ይገለበጣል፦ ሶሱ ቀትር ላይ ሳይሆን ምስሩ ገና ሙቅ ሳለ ይጨመር፣ ምክንያቱም ሙቅ ጥራጥሬና ሙቅ ድንች ሶስ ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ከቀዘቀዙ በኋላ ሶሱ ላያቸው ላይ ይቀራል። ሰናፍጩ ግን ሙቀት ስለማይወድ ከሶሱ ለብቻ ቆይቶ ምስሩ ለብ ሲል ይግባ። ለሁለት ስኒ የተቀቀለ ምስር 4 የሾርባ ማንኪያ ከመሠረታዊው ሶስ በቂ ነው። ጥሬ ሽንኩርቱ ማታ ከገባ ጠዋት ሽታው ይከብዳል፤ ተከትፎ ለአሥር ደቂቃ ሎሚ ውስጥ ከቆየ በኋላ ይጨመር።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አልፎ ስለሚገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሽምብራ ያለ ፕሬሸር ድስት ረጅም ጊዜ የሚወስደውም በከፊል በዚህ ነው። ማታ መዘፍዘፍ አይቅር፤ ሎሚ ሳይበስል ከገባም ልጣጩ ይጠነክራል። ከበሰለ በኋላ በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይቀዝቅዝና ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። ሙቁን ተከድኖ ያደረ ሽምብራ ጠዋት ሊጎመዝዝ ወይም አረፋ ሊያወጣ ይችላል። ያኔ ሎሚ ጨምሮ ለመሸፈን መሞከር አደገኛ ነው፤ ይደፋ።

ሎሚ የማያደርገው ነገር

ሎሚና አቼቶ ያልታጠበ አትክልት አያጸዱም። በጅማ ከተማ ገበያዎች ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት የአትክልትና ፍራፍሬ ናሙናዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ጥገኛ ተውሳክ አግኝቷል። ሶስ ውስጥ ያለው አሲድ የወስፋትን እንቁላል አይገድልም፤ በረኪናም አይገድለውም። እንቁላሉን የሚያስወግደው መፈግፈግና የሚፈስስ ውሃ ነው። ቅጠሉ አንድ አንድ እየተነቀለ ሁለቱም ገጽ በጣት ይታሽ፣ የጥቅል ጎመን የላይኛው ሁለት ሽፋን ይጣል፣ ካሮት በብሩሽ ተፈግፍጎ ይላጥ። ለባክቴሪያው ከዚህ በኋላ ሽቶ የሌለው፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 የሻይ ማንኪያ በ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ አትክልቱ አምስት ደቂቃ ይነከርና በሚጠጣ ውሃ ይታጠብ። ክረምት ላይ ጭቃ የበዛበት ቅጠል ከሆነ ጥሬውን መተው፣ ጎመኑን ለአንድ ደቂቃ በፈላ ውሃ ማሳለፍ የተሻለ ምርጫ ነው።

ከታጠበ በኋላ ማድረቅ የሥራው እኩሌታ ነው። ርጥብ ቅጠል ላይ ሶስ አይይዝም፤ ውሃው ሶሱን ያጥባል፣ ቅጠሉም ቶሎ ይበሰብሳል። ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግቶ ጠቅልሎ ማድረቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ሸፍኖ ማሳደር ይበቃል።

ጥሬ እንቁላል ያለበት የቤት ማዮኔዝ ለተያዘ ምሳ አይሆንም፤ ሳልሞኔላ ለተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በሞቃት ቦርሳ ውስጥ አምስት ሰዓት ብዙ ጊዜ ነው። የተቀቀለ እንቁላል የሚይዝ ሰው ሳይላጥ ይያዘው።

ዕቃው

የማርማላታ ትንሽ ብርጭቆ ዕቃ ክዳኑ ጎማ ካለው የተሻለ የሶስ መያዣ አይገኝም፤ ሽታ አይዝም፣ ሎሚ አይበላውም። የላስቲክ ዕቃ የነጭ ሽንኩርትና የሰናፍጭ ሽታ ይዞ ይቀራል። ቀለሙ የተላጠ ወይም የዛገ የብረት ክዳን ከሎሚ ጋር ስለማይስማማ ይለወጥ። የመድኃኒት ጠርሙስ ደግሞ ቢታጠብም ለምግብ አይውልም። አዲስ ዕቃ ቦርሳ ከመግባቱ በፊት ግማሽ ውሃ ተሞልቶ፣ በሶፍት ላይ ተገልብጦ ለአሥር ደቂቃ ይፈተን። ለሚነቀነቅ ሶስ አንድ አራተኛው ባዶ ይቅር፤ ሙሉ ዕቃ አይናጥም። የአቮካዶው ብቻ ነው እስከ አፉ የሚሞላ። የክዳኑ ጎማ በየቀኑ ወጥቶ በሳሙና ይታጠብ፣ ደርቆ ይመለስ፤ የትናንቱ ዘይት ሸትቶ የዛሬውን ሶስ የሚያበላሸው እዚያ ሥር ተደብቆ ነው።